ወይብና የገደል ማሚቶ

ሼህ ሶፍ ዑመር ተጠልለውበታል የሚባለው ዋሻ ውስጥ ገብቼ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር እንደ ሕፃን መጮህ ነበር። ድምፄ ጨለማው ውስጥ ሲንከራተት ቆይቶ ተመለሰ። ቀጥዬ በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው ወይብ ወንዝ ላይ ቅጠል ጣልሁ። እሱ ሄደ፣ ቀረ። ባትሪ የያዘው አስጎብኚ ልጅ «ጋሼ፣ እስኪመለስ ሊጠብቁት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

እውነቱን ነው፣ እየጠበቅሁ ነበር። ተማሪ ሳለሁ ከኳንተም ፊዚክስ ጋር ያታገለኝም ይኸው ነው፤ ከአቶም ወደ አካባቢው የወጣ ነገር ይመለሳል ወይስ አይመለስም?

መጽሐፉ አቶምን ለብቻው አስቀምጦ ያሰላል። ብቻውን የሚኖር አቶም ግን የት አለ? በ1976 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሊንድብላድ ባንድ ወገን፣ ጎሪኒ፣ ኮሳኮቭስኪና ሱዳርሻን በሌላ ወገን የደረሱበት ቀመር አካባቢውን እንደ ወይብ ያየዋል፤ የወሰደውን ይዞ ይሄዳል፣ ይረሳል። የማርኮቭ ግምት የሚባለው ይህ ነው፤ ሒሳቡን ያቀልላል። አካባቢው እንደ ዋሻው ግድግዳ የሰማውን መልሶ የሚናገር ከሆነ ግን ጉድ ፈላ! ነገ የሚሆነውን ለማስላት የትናንትናውን ሁሉ መያዝ ሊኖርብህ ነው።

ቅንጣቶቹ ሲበዙማ አይነሣ። ሁለት ዓይነት አቋም ብቻ ያላቸውን 10 ቅንጣቶች፣ ተዘግተው ከተቀመጡ፣ በ1,024 ቁጥሮች መግለጽ ይቻላል። ከአካባቢያቸው ጋር ሲነካኩ ግን የሚገልጻቸው የቁጥር ሠንጠረዥ ከ1 ሚሊዮን ቁጥር ያልፋል። 20 ሲሆኑ ከ1 ትሪሊዮን። ተራ ኮምፒውተር አይችለውም፤ ስለዚህ አካባቢውን ጨምሮ የሚያሰላ ሰው ዋና ችሎታ ምኑ ቢጣል እንደማይጎዳ ማወቅ ነው።

እዚሁ አገራችን፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍስሐ ካሳሁንና ተማሪዎቻቸው ሌዘርን በዚህ ዓይን አጥንተዋል፤ ውስጡን ብቻ ሳይሆን ከውጪው ባዶ ሕዋ ጋር የሚያደርገውን መነካካት ጭምር። ከሌዘር ሁለት መስታወቶች አንዱ ጥቂት ብርሃን ያሾልካል። ባያሾልክ ኖሮ ብርሃኑ እዚያው ታፍኖ ይቀር ነበር። እኛ ሌዘር ብለን የምናየው ያመለጠውን ነው።

15 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው ይህ ዋሻም ወይብ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት የሄደው ነው። ወንዙ የወሰደውን የሚመልስ ቢሆን የምንቆምበት አዳራሽ አይኖርም ነበር።

መውጫው ላይ ስንደርስ ልጁ ውሃውን በጣቱ አሳየኝ፤ «ያውልዎ ቅጠልዎ!»

የሌላ ዛፍ ቅጠል ነበር።