የወፍራም ሃይድሮሊክ ቧንቧ ብየዳ፦ ወሳኙ ሥሩ ነው

የኤክስካቫተርን ክንድ የሚያነሳው ዘይት በመስመሩ ውስጥ የሚገፋው ከ300 ባር በላይ ሊሆን በሚችል ግፊት ነው። የመኪና ጎማ የሚነፋው ደግሞ በ2.5 ባር ገደማ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር መበየድ የውኃ ቧንቧ ወይም የአጥር ብረት ከመበየድ ፈጽሞ የተለየ ሥራ ነው።

ልዩነቱ የሚገባው ጭነቱ የት እንደሚያርፍ ሲታይ ነው። የውጭ ዲያሜትሩ 60.3፣ የግድግዳው ውፍረት 8.74 ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ 250 ባር ተሸክሟል እንበል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ገብርኤል ላሜ በ19ኛው መቶ ዘመን ባወጣው ቀመር ሲሰላ፣ ግድግዳውን በዙሪያው የሚወጥረው ጫና በውስጠኛው ገጽ 76፣ በውጭኛው ደግሞ 51 ሜጋፓስካል ገደማ ይሆናል። ጫፍ ለጫፍ የተበየዱትን ቧንቧዎች በቁመታቸው ስቦ ለማለያየት የሚሞክረው ግን 25 ያህል ብቻ ነው። የተለመደው የካርቦን ብረት ቧንቧ እስከ 240 ሜጋፓስካል ስለሚችል፣ ለስሌቱ ብየዳው ከበቂ በላይ ነው።

ታዲያ ለምን ይሰነጠቃል? ቫልቭ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ግፊቱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ማሽኑም ይንቀጠቀጣል። ብረት አንድ ጊዜ በቀላሉ የሚችለው ጭነት መቶ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ያደክመዋል፤ ድካሙም የሚጀምረው ስለታም ጉድለት ካለበት ቦታ ነው። የብየዳው ሥር፣ ማለትም ከውስጥ በኩል ያለው የመጀመሪያው መስመር፣ እስከ ታች ካልቀለጠ ከስንጥቅ የማይለይ ክፍተት ቧንቧውን ዞሮ ይቀራል። ከላይ የተደረደረው ያማረ ብየዳ ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም። የበያጁ ችሎታ የሚለካው ሥራው ሲያልቅ በማይታየው በዚህ መስመር ነው።

ስለዚህ ለጠርዙ ዝግጅት የሚጠፋው ጊዜ ፈጽሞ አይባክንም። የሁለቱም ቧንቧዎች ጫፍ ከ30 እስከ 37.5 ዲግሪ በሰያፍ ይሞረዳል፤ ጫፉ ላይ 1.5 ሚሊሜትር ያህል ቀጥ ያለ ከንፈር ይተዋል፤ በመካከላቸውም ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ይጠበቃል። ክፍተቱ ከጠበበ ሙቀቱ ሥር አይደርስም፤ ከሰፋ የቀለጠው ብረት ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል። ዝገት፣ ቀለምና ዘይት ከውስጥም ከውጭም ይጸዳሉ።

ሥሩን በአርጎን ብየዳ መሥራት ይመረጣል፤ በያጁ የቀለጠውን ብረት እያየ ይቆጣጠረዋል፣ ስላግም (በብየዳው ላይ የሚቀር ቅርፊት) አይኖርም። የስላግ አለመኖር ቀላል ነገር አይደለም። በሃይድሮሊክ ቫልቭ ውስጥ በሚንሸራተቱት ክፍሎች መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በማይክሮን ስለሆነ፣ ከብየዳው ተላቆ ወደ ዘይቱ የገባ ፍርፋሪ ቫልቩንም ፓምፑንም ይበላል። ከሥሩ በላይ ያለውን በ7018 ኤሌክትሮድ ንብርብር በንብርብር መሙላት ይቻላል። እያንዳንዱ ንብርብር ስላጉ ተራግፎ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ የየንብርብሩ መነሻና መድረሻም አንድ ቦታ ላይ እንዳይገጣጠም ይደረጋል።

ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚስብ ብየዳው በድንገት ይቀዘቅዛል፤ በአጠገቡ ያለው ብረትም ጠጣርና ተሰባሪ ይሆናል። እርጥበት ከያዘ ኤሌክትሮድ ሃይድሮጅን ሲገባበት፣ ስንጥቁ ሥራው ካለቀ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይወጣል። መከላከያው ይታወቃል፦ ካርቦኑ ከፍ ያለ ወይም ግድግዳው ከ25 ሚሊሜትር የሚበልጥ ቧንቧ ከብየዳ በፊት ወደ 100 ዲግሪ ይሞቃል። 7018 ኤሌክትሮድም ካርቶኑ ከተከፈተ በኋላ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ባለው ማሞቂያ ውስጥ ይቆያል። ተከፍቶ በክረምት ወለል ላይ የከረመ ኤሌክትሮድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ብየዳው በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ ከታየ በኋላ ቧንቧው ከውስጥ ይታጠባል፤ ቀጥሎም ብዙ ጊዜ በሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተሻል። ፈተናው በውኃ ወይም በዘይት እንጂ በታመቀ አየር አይሆንም፤ የታመቀ አየር ብዙ ጉልበት ስለሚያከማች ቧንቧው ከተቀደደ እንደ ፈንጂ ይበትነዋል። ሲያንጠባጥብ የተጠረጠረ ቦታም በእጅ አይዳሰስም፤ ግፊቱ ወርዶ፣ ወይም ከርቀት በተዘረጋ ካርቶን ይፈለጋል። ከመርፌ ቀዳዳ በምታንስ ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ጓንትንና ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ ከላይ ነጥብ ብቻ መስሎ ቢታይና ባያምም፣ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ እስከማሳጣት ይደርሳል።