የአባቴ መቆሚያዎች

አባባ ሰላምታ አዋቂ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሚገኘው ቤታችን እስከ አስፋልቱ ድረስ በሚወጣው ዳገት ላይ የማያውቀው ሰው የለም። ከልብስ ሰፊው ደጃፍ ቆሞ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጠይቃል፤ ከቡና ሻጯ ዘንድ ቆሞ ስለ እናቷ ጉልበት ይጠይቃል፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ካለው የቆርቆሮ አጥር ሥር ደግሞ ማንም ባይኖር እንኳ ማዶ ያለውን ተራራ እያየ ይቆማል። ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜው የራሱ ነው። እኔም የሰፈሩም ሰው ነገሩን በጨዋነት ቆጥረንለት ዓመታት አለፉ።

ለካ አባባ ለሰላምታ ብሎ አይቆምም ኖሯል፤ ሰላምታ የሚሰጠው ስለ ቆመ ነበር።

ጀርመኖች ይህን ሕመም በተለምዶ «የሱቅ መስኮት በሽታ» ይሉታል። ሕመምተኛው ጥቂት ከተራመደ በኋላ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል፤ መቆሙን ሰው እንዳያውቅበት ወደ ሱቁ መስኮት ዞሮ የማይገዛውን ጫማ ያያል። በእኛ ሰፈር ዳገት ላይ የመስኮት ሱቅ የለም። ሰላምታ ግን አለ። እንደምን ሰነበትክ፣ ቤተሰብ ደኅና፣ ሥራ ደኅና፣ ጎረቤት ደኅና ተባብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» እስኪባል ድረስ ደሙ ቀስ ብሎ ባቱ ይደርሳል፤ ሕመሙም ይለቃል። ባህላችን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ ሠርቶ ይጠብቃል ብዬ ከዚህ በፊት አስቤ አላውቅም ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤት ቀብር ላይ ነበርን። አስከሬኑ ቀድሟል፤ ሕዝቡ ቀድሟል፤ አባባ ከኋላ ቀርቶ ከአንድ የማላውቀው ሽማግሌ ጋር ቆሟል። ተመልሼ «አባባ፣ ሰላምታው እንኳ ዛሬ ይቅር፤ ሰው ምን ይለናል?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይመልስ መራመድ ጀመረ። ያን ቀን ሳይቆም ሄደ። ከንፈሩን ነክሶ እንደ ሄደ ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው።

ያወቅሁትም ከደብተሩ ነው። አባባ ዕድሜውን የጨረሰው በመንገድ ሥራ ቀያሽነት ነው። በሰንሰለትና በቲዎዶላይት አገር የለካ ሰው፣ በጡረታውም የመስክ ደብተሩን ከኪሱ አልለየም። የጡረታ ወረቀቱን ስፈልግ ደብተሩን ገለጥሁት። በግራ በኩል ቀን፣ በቀኝ በኩል ቁጥር፤ ከቁጥሩ አጠገብ «ቀ» ወይም «ግ» የምትል ፊደል። 420፣ 395፣ 340፣ 300፣ 240፣ 210። የመጨረሻው 165 ይላል፤ ከጎኑም «ልብስ ሰፊ» ተብሎ ተጽፏል። ቁጥሩ እርምጃ ነበር፤ ፊደሉ የቀኝና የግራ እግር። ሦስት ዓመት ሙሉ የራሱን መክሰም እንደ መንገድ ሲቀይሰው ኖሯል።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። የሰው ሒሳብ አንድ ብር ቢጎድል ማታ ሳላገኘው ወደ ቤት አልሄድም። የአባቴ ሒሳብ በየወሩ ሲጎድል ግን አጠገቡ ስሄድ ኖሬ አላየሁም።

ሐኪም ቤት ያየችው ወጣት ሐኪም ናት። አንድ ጊዜ ክንዱን፣ አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን በግፊት መለኪያው ጨርቅ አሰረች፤ እንደ እስክሪብቶ ያለ መሣሪያም ከእግሩ ቆዳ ላይ አሳረፈች። ዶፕለር ይባላል። የስሙ ባለቤት ክርስቲያን ዶፕለር እ.ኤ.አ. በ1842 ጥናቱን ያቀረበው ስለ ጥንድ ከዋክብት ቀለም ነበር፤ ስለ ደም አንዲት ቃል አላነሳም። ሰማይን ለማንበብ የታሰበ ሐሳብ ዞሮ ዞሮ በአባቴ ቁርጭምጭሚት ላይ ማረፉ የግጥም ፍቅር ላለበት ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ድምፁን ሰማነው። ጤናማ የእግር ደም ቅዳ በአንድ የልብ ምት ሦስት ድምፅ ያሰማል፤ ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ፊት። የአባባ ቀኝ እግር አንድ የደከመ «ሹ...» ብቻ ነበር የሚለው፤ ቤት እንደማይመታ ስንኝ።

የቁርጭምጭሚቱ ግፊት ለክንዱ ግፊት ሲካፈል ግራው 0.88፣ ቀኙ 0.61 ሆነ። 0.90ና ከዚያ በታች ከሆነ የእግር ደም ቅዳ መጥበብን ያመለክታል። ተቀምጦ ላለ ሰው በጠበበው ቧንቧ የሚያልፈው ደም ይበቃዋል፤ ሲራመድ ግን ጡንቻው የሚጠይቀው ብዙ እጥፍ ይሆናል፤ የሚደርሰው አያድግም። ሐኪሟ ስለ ሲጋራ ጠየቀችው። በረሃ ለበረሃ ሲዞር የለመዳትን ሲጋራ ያን ቀን ደጃፉ ላይ ጣላት።

(እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። ይህን ሕመም በሰው ላይ ሻርኮ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። ከእርሱ በፊት ግን በ1831 ቡሌ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በፈረስ ላይ አይቶታል። ፈረሱ ጥቂት ይሮጥና ያነክሳል፤ ሲያርፍ ይድናል፤ መልሶ ይሮጥና ያነክሳል። ፈረስ ሰላምታ አያውቅምና ሕመሙን የሚሸሽግበት አልነበረውም።)

መድኃኒት ታዘዘ፤ ከመድኃኒቱ ጋር መራመድ ታዘዘ። እስኪያም ተራመድ፣ ቁም፣ ሲለቅህ ደግሞ ተራመድ። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ በትንሹ 12 ሳምንት። እኔም ከሥራ ስወጣ አብሬው ዳገቱን መውጣት ጀመርሁ። ደብተሩን አሁን በግልጽ ይይዘዋል። 170፣ 180፣ 220፤ ከወር ተኩል በኋላ 290።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰን ስንለካ ቀኙ 0.62 አለ። ከአንድ መቶኛ በቀር ምንም። ሐኪሟን «እንግዲያው ምኑ ነው የተሻለው?» አልኋት። ይህ በብዙዎች ላይ የሚታይ መሆኑን አስረዳችኝ። የቁርጭምጭሚቱ ቁጥር በዋናው ቧንቧ ያለውን ግፊት እንጂ ጡንቻው ውስጥ የገባውን ደም አይናገርም። የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይማ ቧንቧው ስለሚደድር ቁጥሩ ጤነኛ መስሎ ሊዋሽ ይችላል። አባባ እንደኔ አልተጨነቀም። «እኔ የለካሁት በእግሬ ነው፤ እሷ የለካችው በጨርቅ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነው ማታ ማታ ማንበብ የጀመርሁት። መርፌ ሳይወጉ፣ ቀለም ሳይረጩ፣ ደሙ በጡንቻው ውስጥ ሲሰራጭ በኤምአርአይ ለማየት የሚሞክሩ ተመራማሪዎች አሉ። አንዱ መንገዳቸው ለገንዘብ ቤት ሰው አይከብድም። መሣሪያው ከባት በላይ ባለው ደም ውስጥ የሚገኘውን ውኃ በራዲዮ ሞገድ ምልክት ያደርግበታል፤ እኛ የብር እስር ላይ ማኅተም እንደምንመታ። ጥቂት ቅጽበት ጠብቆ ባቱን ሥዕል ያነሳል፤ ደግሞ ያለ ምልክት ሌላ ሥዕል ያነሳል፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የቀረው ደሙ የደረሰበት ቦታ ነው። ማኅተሙ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይጠፋል። ልዩነቱም እጅግ ትንሽ ነው፤ ባረፈ ጡንቻ ከስሕተት ለመለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ጭኑን በጨርቅ አስረው ደሙን ለጥቂት ደቂቃዎች ያግዱና ድንገት ይለቁታል፤ ወይም ሰውየውን በእግሩ ያሠሩታል። ጤነኛ ባት ወዲያው በደም ይሞላል። የታመመው ዘግይቶ፣ ያውም በከፊል። ሌላው መንገድ የደምን ራሱን ጠባይ ይጠቀማል፤ ኦክሲጅኑን ያስረከበ ደም ኦክሲጅን ከተሸከመው በማግኔት ፊት ይለያል። ይህን ፖውሊንግና ኮርየል እ.ኤ.አ. በ1936 አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የምርምር ሥራ ነው፤ አባባን ይዤ የምሄድበት ክፍል የለም። ቢኖርም ሕክምናው ያው መራመድ ነበር። ግን ያን ሥዕል ማየት እመኛለሁ። የሚያም ጡንቻ ፊት የለውም፤ ባለቤቱም ጨዋ ከሆነ ማንም አያየውም። በዚያ ቀብር ዕለት ባቱ በቀለም ተሥሎ ፊቴ ቢቆም ያን ቃል ከአፌ አላወጣም ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ ግጥም ጀምሬ ነበር፤ ሦስት ስንኝ ላይ ቀረ። በቃል ብጠይቀው «የቱ ቀብር?» አለኝ። ረስቶት አይመስለኝም።

ባለፈው ሐሙስ ዳገቱን ስንወጣ በልቡ ይቆጥር ስለ ነበር አላናገርሁትም። 165 ላይ የልብስ ሰፊውን ደጃፍ አለፈው። እጁን እንኳ አላነሳም። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ብሎ በቅሬታ ድምፅ ተጣራ።

«ጋሼ! ምን አስቀይመንዎት ነው ዛሬ ዝም ብለው የሚያልፉን?»

አባባ ቆመ። ቁጥሩ እንደ ጠፋበት ከፊቱ ያስታውቃል። ዞሮ ወደ እኔ አየና ሳቀ፤ ከዚያ የወጣውን ዳገት ተመልሶ ወረደ። የልጆቹን ትምህርት አንድ በአንድ ጠየቀ፤ የባለቤቱን ጤና ጠየቀ፤ የመኪናውን መርፌ ሳይቀር ጠየቀ። እኔ ደብተሩን ይዤ ከላይ ጠበቅሁት። በዚያ ምሽት ሰላምታው ከወትሮው ሁሉ ረዘመ።