ሲጠሩት የሚመጣ ሞጁል፤ እውነት ይመጣ ይሆን?



«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት የማያውቅ የጎጃም ልጅ ያለ አይመስለንም። ዛሬ በዚህች ግድግዳ ላይ ልናጫውታችሁ የፈለግነው ጉዳይ ከዚሁ ተረት ጋር የተያያዘ ነው። ነገሩ የኮምፒዩተር ነገር ነው። ግን «እኔ የአማርኛ ተማሪ ነኝ፣ ምን አገባኝ» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ መጨረሻው ከሰኔ 30 ጋር ይገናኛል።

እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት የክፍል ሮስተር የሚሠራ ፕሮግራም በፓይተን ቋንቋ ጽፈናል። ፓይተንን እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያወጣው ሆላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም ነው። በ2008 ከወጣው ሦስተኛው ፓይተን ጀምሮ ስሞችን በራሳችን ፊደል መጻፍ ስለሚቻል ሞጁሎቻችንን «ማርክ»፣ «ደንብ»፣ «ግራፍ» እና «ካርድ» ብለን ሰይመናቸዋል። ሞጁል ማለት አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ትእዛዞች የተሰበሰቡበት ፋይል ነው። «ማርክ» ውጤት ይመዘግባል፤ «ደንብ» የማለፊያውን ነጥብ ይወስናል፤ «ግራፍ» ሥዕል ይሥላል፤ «ካርድ» ደግሞ የተማሪውን ካርድ አዘጋጅቶ ለማተሚያው ይሰጣል።

ፓይተን አንድን ሞጁል «ኢምፖርት» ሲባል ፋይሉን ፈልጎ ስሙን «ሲስ ሞጁልስ» በሚባል መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፤ ከዚያም ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ያስኬደዋል። ሁለተኛ ሲጠየቅ ከመዝገቡ አውጥቶ ይሰጣል እንጂ እንደገና አያስኬደውም። ይህ መልካም ነው። ችግሩ ግን መምህሩ የአንድ ልጅ ማርክ ብቻ ለማስገባት ቢከፍተውም ፕሮግራሙ ግራፉንም ካርዱንም ተሸክሞ መምጣቱ ነው። በእኛ ባረጁ ኮምፒዩተሮች ላይማ ተነሥቶ መስኮት ከፍቶ እስኪመለሱ ድረስ ያስጠብቃል። በሐምሌ ማጭድ ተሸክሞ እርሻ የሚወርድ ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛስ አላየንም።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ባለሙያዎቹ «ሌዚ» የሚሉት አጫጫን ነው። ቃሉ ሰነፍ ማለት ነው፤ እኛ ግን «ሲጠሩት የሚመጣ» ብንለው ይሻላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተሠራው መልቲክስ የተባለ ሥርዓት አንዱን የፕሮግራም ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው መጀመሪያ በተጠራ ጊዜ ነበር። በፓይተን ዘንድ ቀላሉ መንገድ የኢምፖርቱን መስመር ከፋይሉ ራስ አንሥቶ ሥራውን በሚሠራው ፋንክሽን ውስጥ ማስገባት ነው። በ2022 ሁሉም ሞጁል በአንድ ማብሪያ ሲጠሩት የሚመጣ ይሁን የሚል ሐሳብ ለፓይተን መሪዎች ቀርቦ ውድቅ ሆነ። በ2025 ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ በፈለገው መስመር ላይ «ሌዚ» የሚል ቃል ይጨምር የሚለው ሌላ ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ለሁሉ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ለይቶና አውቆ ነው።

በክበባችን ክርክሩ የጦፈው እዚህ ላይ ነው። ግማሾቻችን «ቶሎ ይከፈት እንጂ ሌላው ምን ቸገረን» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለን ተነሣን። ሁሉን አስቀድሞ የሚጭን ፕሮግራም አንድ ፋይል ቢጎድለው በሩ ላይ ይወድቃል፤ ጉድለቱ ወዲያው ይታወቃል። ሲጠሩት በሚመጣው ግን ፕሮግራሙ ከመስከረም ጀምሮ ደኅና ይሠራል፤ ማርክ ይመዘግባል፤ ሁሉም ይደሰታል። «ካርድ» የሚጠራው ሰኔ 30 ቀን ነው። ያን ዕለት ወላጅ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ልጆቹ ልብሳቸውን አጥበው ለብሰዋል፤ መብራትም እስኪሄድ ድረስ ነው። ካርዱ እምቢ ቢል ምን ይባላል? የፓይተን መመሪያ ራሱ «ሌዚ ሎደር» ስለሚባለው መሣሪያው ሲናገር፣ ለመክፈቻ ፍጥነት ግድ በሌለበት ቦታ እንዳይጠቀሙበት አጥብቆ ይመክራል። ምክንያቱም ስሕተቱ ዘግይቶ፣ ከቦታው ርቆ ስለሚታይ ነው።

እንግዲህ በጩኸት ከመሟገት በፈተና ይለይ ብለን ተስማማን። ፈተናዎቹን እነሆ።

አንደኛ፦ እውነት አልተጫነም ወይ? ሮስተሩን እንከፍትና «ካርድ» በሲስ ሞጁልስ መዝገብ ላይ አለ ወይ ብለን እንጠይቃለን፤ ከሌለ አለፈ። ታዲያ ይህ ፈተና ለብቻው በአዲስ የፓይተን ሂደት መሄድ አለበት። ከእርሱ በፊት ሌላ ፈተና «ካርድን» ጠርቶት ከነበረ ስሙ መዝገቡ ላይ ይቀራልና መልሱ የውሸት ይሆናል። አንድ ተማሪ መልሱን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ከጻፈው በኋላ ሌላውን መፈተን ምን ዋጋ አለው?

ሁለተኛ፦ ሲጠሩት ይመጣል ወይ፣ የሚመጣውስ አንዴ ነው ወይ? ከ«ካርድ» ፋይል ራስ ላይ «መጣሁ» የሚል ቃል የሚያወጣ መስመር ጨመርን። ሦስት ጊዜ ጠርተነው «መጣሁ» ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሰይ!

ሦስተኛ፦ ባይኖርስ? ፋይሉን ሆን ብለን ሌላ ቦታ ደበቅነው። ሮስተሩ ምንም እንዳልጎደለው ተከፈተ፤ ማርክም መዘገበ፤ የወደቀው «ካርድ አትም» ስንለው ነው። ሲሮጥ ታጥቆ ሲሮጥ ተፈታ!

ለዚህ መድኃኒቱ ስም መጥራት ነው። ፓይተን ሞጁሉን ሳይጭን ፋይሉ መኖሩን ብቻ የሚጠይቅበት «ፋይንድ ስፔክ» የሚባል ዘዴ አለው። ይሁን እንጂ «አቤት» ያለ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን ያውቃል ማለት አይደለም፤ ፋይሉ ኖሮ ውስጡ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከስም መጥራቱ ሌላ፣ ሁሉንም ሞጁሎች በተለየ ሂደት አንድ በአንድ አስጭኖ በናሙና ውጤት የሚያሠራ ፈተና ጨመርን። ይህን ፈተና የሚያስኬደው መምህሩ ሥራ ላይ ሳለ አይደለም፤ በሴሚስተሩ መግቢያ፣ ጊዜ ባለበት ሰዓት ነው።

አራተኛውን ፈተና ያመጣው «ደንብ» ነው። ይህ ሞጁል በሚጫንበት ቅጽበት የማለፊያውን ነጥብ ለሌሎቹ ያስታውቃል። እርሱም ዘግይቶ ይምጣ ቢባል ሌሎቹ ደንቡን ሳያውቁ ሥራ ሊጀምሩ ነው። በመጫኑ ብቻ ሥራ የሚሠራ ሞጁል መዘግየት የለበትም። ስለዚህ «ደንብ» እንደ ድሮው ከሁሉ በፊት እንዲመጣ ተወሰነ፤ ሲጠሩት የሚመጡት «ግራፍ»ና «ካርድ» ብቻ ሆኑ።

ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫና በ2001 የተጨመረው ሁለተኛው፣ በ2010 የበለስ ማመንጫ ተከፍቶ የጣና ውሃ በብዛት ወደዚያ ከተመለሰ ወዲህ የመጠባበቂያ ዓይነት ሆነዋል። መጠባበቂያ መልካም ነው፤ ውሃው በከንቱ አይባክንም። ግን ማናቸውም መጠባበቂያ ሞተር አልፎ አልፎ ካልተሞከረ በተፈለገ ቀን መነሣቱን ማን ያውቃል?

ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ገብተን ነገ የምናስተምር እኛ ነን። አንድ ኮምፒዩተር ለመምህራን ሁሉ በሚዳረስበት ትምህርት ቤት የሚጠባበቀን ባለሙያ አይኖርም። ቶሎ የሚከፈት ፕሮግራም ያስፈልገናል፤ በሰኔ 30 የማያሳፍረንም ያስፈልገናል። ሁለቱም የሚገኙት ጭነቱ እንዲሰንፍ ፈቅደን ፈተናው እንዳይሰንፍ ስንተጋ ነው። ፕሮግራሙን ማየት የሚፈልግ ሁሉ ወደ ክበባችን ብቅ ይበል፤ ፋይል ደብቆ ሊፈትነን የሚመጣ ቢኖር ደግሞ ደስታችን ነው።

ቸር ያገናኘን!