ይቀመሳል እንጂ አይዋጥም

ወላይታ ሶዶ ተወልዶ ያደገ፣ አዲስ አበባ ላይ ወይን ጠጅ የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ አለ። ስሙ ይቆይ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ሰሞኑን ለሶዶ የሆቴል ባለቤቶች፣ ለግሮሰሪዎችና ለሥጋ ቤቶች የላከው የጥሪ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ከተማውን ሲያስቅ ከርሟል።

«ማክሰኞ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አያስቀርም። መጠጥ ቤት አይደለም፤ ስብሰባ ነው። አበል የለውም፤ ግን አበል ካለው ስብሰባ ይልቅ ንቁ ሆነው ይወጣሉ። 12 ዓይነት ወይን ይቀርባል። ሁሉም ይቀመሳል፤ ሁሉም ይተፋል። መትፊያው በእኛ በኩል ተዘጋጅቷል።»

ከተማው የያዘው የመጨረሻዎቹን ቃላት ነው። ይተፋል? አንዲት በዕድሜ የገፉ የሆቴል ባለቤት ወዲያው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ የምትተፋው ከሆነ ምን ብለህ ከባሕር ማዶ አስመጣኸው?»

«እትዬ፣ እርስዎ ገበያ ሄደው ዶሮ ሲገዙ ደረቷን ዳብሰው፣ ክብደቷን አይተው ነው የሚገዙት። እዚያው ቆመው ግን አይበሏትም።»

«ዶሮዋንም አልተፋኋት!» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ነገሩ የቀልድ ብቻ አይደለም፤ ሒሳብ አለው። 12 ወይን፣ ከእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ቢቀዳ 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንድ ሙሉ ጠርሙስ 750 ነው። ስለዚህ ሁሉንም የዋጠ ገዢ ስድስተኛው ላይ ሁሉም ይጣፍጠዋል፤ አሥረኛው ላይ ሻጩም ጭምር ያምረዋል። በሙያው የኖሩ ገዢዎች ፓሪስም ሆነ ለንደን ባልዲ አጠገባቸው አስቀምጠው ያለ ምንም ሐፍረት የሚተፉት ለዚህ ነው። አፍንጫና ምላስ ሥራቸውን ይጨርሳሉ፤ ጭንቅላት ደግሞ ለዋጋ ድርድሩ ይተርፋል።

እኛ ዘንድ ግን ሰው የቀዳልህን መትፋት ነውር ነው። መቅመሱ ራሱ እንግዳ አይደለም፤ ድሮ ጠጅ ቀጂው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነበር ለጌታው የሚያቀርበው። የእሱ ቅምሻ ግን ይዋጣል። እንዲያውም መዋጡ ነው ዋስትናው።

ሶዶ ላይ የመትፋቱ ነገር ሌላም ትርጉም አለው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚሲዮናውያን ወላይታ የደረሱት በ1920ዎቹ መባቻ ነው። ጣልያን በ1929 ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት ምእመን ሃምሳ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ዛሬ ወላይታ ውስጥ ቃለ ሕይወት ያልገባችበት ሰፈር ማግኘት ይቸግራል። ከአማኙ አብዛኛው አልኮል በአፉ አያዞርም። ሆቴል ግን ይሠራል፤ ሆቴል ደግሞ ያለ መጠጥ አይሞላም። ስለዚህ ከተማው ውስጥ አንድም ቀን ቀምሰውት የማያውቁትን ነገር በየሳምንቱ በሳጥን የሚገዙ ሰዎች አሉ። በሌላ ሸቀጥ ይህ የለም። ቡና የማይቀምስ ቡና ነጋዴ፣ ጨርቅ የማይዳብስ ጨርቅ ሻጭ ማን አይቷል?

አስመጪው ይህን ያውቃል፤ ያደገው እዚያው ነው። መልእክቱ ላይ «ሾፌርም፣ አማኝም፣ መድኃኒት የጀመረም መምጣት ይችላል፤ ማንም አይውጥም» ብሎ የጨመረው አውቆ ነው። አንድ ሽማግሌ ግን አልተቀበሉትም። «ምላስ ላይ የደረሰ ተጠጥቷል» ብለው መለሱለት። መልስ አላገኘለትም። በእርግጥም መልስ ያለው አይመስልም።

ያልቀመሰ ገዢ ታዲያ በምን ይገዛል? በመለያው። የድንጋይ ግንብ የተሳለበት፣ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት፣ ጠርሙሱ ከበድ ያለ ከሆነ ጥሩ ወይን ነው ይባላል። የከባድ ጠርሙስ ትርፉ የጭነት ሒሳብ ማናር ነው። የተገዛው ደግሞ እንግዳ እንዲያየው መስኮቱ ላይ ይደረደራል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ትመታዋለች። ወይን ሙቀት ጠላቱ ነው። ጂቡቲ ወደብ ላይ ኮንቴይነር ውስጥ ጥቂት ሳምንት ቢቆይ እንኳ ጣዕሙ የተቀቀለ ፍራፍሬ መምሰል ይጀምራል፤ መስኮት ላይ ዓመት ሲቆም ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ደንበኛው ይህን ጠርሙስ ያስከፍታል፣ አንድ ጊዜ ይጎነጫል፣ ፊቱን ያኮሳትራል፣ ከዚያ «ወይን ማለት እንዲህ ነው» ብሎ ኮካ ይጨምርበታል። አዋቂ ነን ባዮች በወይንና ኮካ ይስቃሉ። ስፔን ውስጥ የባስክ ሰዎችም ቀይ ወይንን በኮላ ይጠጡታል፤ ካሊሞቾ የሚል ስም ሰጥተውት በበዓላቸው ይኮሩበታል። የእኛው ሰውዬ ግን ኮካውን የጨመረው ለኩራት ሳይሆን የተበላሸውን ለመሸፈን ነበር።

ይህን ሁሉ በማስታወቂያ ማስረዳት አይቻልም ወይ? አይቻልም። በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 አልኮልን በሬዲዮና በቴሌቪዥን፣ እንዲሁም በመንገድ ዳር ቢልቦርድ ማስተዋወቅን ከልክሏል፤ የመግዣ ዕድሜውንም ወደ 21 አሳድጓል። ዜናን ጨምሮ ሁሉም ነገር በቢራ ስም ሲጀመርና ሲጠናቀቅ የኖረበትን ዘመን ለሚያስታውስ ሰው ሕጉ አስፈላጊ ነበር። አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ አብሮ መጣ። ከአዋጁ በፊት ስማቸው የገነነው ዛሬም እንደገነኑ ናቸው፤ አዲስ የገባው ደግሞ ከነጭርሱ የሚታወቅበት መንገድ አጣ። ሕጉ ሩጫውን ያስቆመው ሯጮቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ነው። እናም ኋላ የቀረው ሰው የቀረው መሣሪያ ቀልድ ሆነ። ቀልድ ቢልቦርድ አይፈልግም፤ ሰው በራሱ ካርድ ለጓደኛው ይልከዋል። አዳራሹ በር ላይ ባነር የለም፣ ፊኛ የለም፤ ስሙ በዝርዝር የተያዘ ነጋዴ ብቻ ነው የሚገባው።

ቀልዱ የሸፈነው ጭንቀትም አለ። ጥቅምት 2015 መንግሥት የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ካገዳቸው 38 የሸቀጥ ዓይነቶች ውስጥ የአልኮል መጠጦች ነበሩበት። አስመጪው ለሁለት ዓመት ገደማ አስመጪ የሚለውን ስም ይዞ ምንም ሳያስመጣ ተቀመጠ። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን እገዳውም ተነሣ። ደስታው ግን አጭር ነበር። ጂቡቲ ላይ 4 ዶላር የሚያወጣ ጠርሙስ፣ ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ 228 ብር ነበር። ዶላሩ 120 ሲደርስ ያው ጠርሙስ 480 ሆነ። እዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ሲጨመር 648 ይገባል፤ ገና ኤክሳይዙ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ሱር ታክሱና ቅድመ ግብሩ አልተነካም፤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ ሶዶ ያለው የጭነት ኪራይም እንዲሁ። የሆቴሉ ትርፍ ሲታከልበት ደንበኛው ፊት የሚቀርበው ዋጋ በሬው ያስቀናል። ይህ በተለይ ወላይታ ላይ ቀልድ አይደለም። ለጊፋታና ለመስቀል ሰንጋ ለመግዛት ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ የሚያጠራቅም ሕዝብ የሳንቲምን ዋጋ ያውቃል።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ መንገዱ ራሱ ያሾፍበታል። ባቱ ላይ፣ በአሮጌ ስሟ ዝዋይ፣ የፈረንሳዩ ካስቴል ያለማው የወይን እርሻ አለ። ከ100 ሄክታር ይበልጣል፤ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ይበቅልበታል። የመጀመሪያዎቹ ሪፍት ቫሊና አካሺያ ጠርሙሶች ገበያ ላይ የዋሉት በ2006 ነው። ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ፣ ከጂቡቲ በከባድ መኪና የመጣ ወይን በዚህ እርሻ አጠገብ አልፎ ሶዶ ይገባል ማለት ነው። ውኃ ጭኖ ወንዝ እንደመሻገር ነው።

እሱም አልደበቀውም። ሁለተኛው መልእክቱ የጨዋታ ማስታወቂያ ይመስላል፦ «ባለሜዳ ጉደርና ሪፍት ቫሊ፤ እንግዳ ስቴለንቦሽ። ጠርሙሶቹ በጋዜጣ ተጠቅልለው ይቀርባሉ፤ ማን ማን እንደሆነ የሚታወቀው ነጥብ ከተሰጠ በኋላ ነው። በ2010 ወላይታ ድቻ ዛማሌክን ካይሮ ላይ በመለያ ምት ሲያሰናብት ያየ ከተማ፣ እንግዳ ሁሉ ያሸንፋል ብሎ አይጠብቅም።» ጓደኞቹ አብደሃል አሉት። አስመጪ በገዛ ገንዘቡ ተቀናቃኙን ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ያቆማል? ባለሜዳው ካሸነፈስ? የእሱ መልስ፣ ሆቴሎቹ ይህን ንጽጽር እሱ በሌለበት ማድረጋቸው አይቀርም የሚል ነው። ቢያንስ እሱ ባለበት ወይኑ በትክክለኛው ቅዝቃዜ ይቀዳል።

ቀልዱ እሱን ራሱን የያዘው ግን ሥጋ ቤት ውስጥ ነው። ከቅምሻው ሳምንት በፊት አንድ ሥጋ ቤት ሄዶ ሊለማመድ ተቀመጠ። ዓመታት ሙሉ አክሱማይትን፣ ጣፋጭ ወይን የሚወደውንም ሰው ሁሉ ሲያሾፍበት ኖሯል፤ «ወይን ሳይሆን ሽሮፕ ነው የምትጠጡት» እያለ። ኮንቴይነሩም በአብዛኛው ደረቅ ቀይ ነው። መጀመሪያ ጥሬ ሥጋውን ለብቻው በደረቁ ቀይ ሞከረው፤ ተስማማ። የሥጋው ስብ የወይኑን ጉሮሮ የሚይዝ ምሬት ያለዝበዋል። ከዚያ እንደ ወላይታ ልጅ ሥጋውን ዳጣ ውስጥ ነከረ። ቃሪያው፣ ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ አፉ ውስጥ እያለ ያንኑ ቀይ ተጎነጨ። እሳት ላይ ቤንዚን አርከፈከፈ። አልኮልና የወይን ምሬት የቃሪያን ማቃጠል ያብሱታል፤ ስኳር ግን ያበርደዋል። ሥጋ ቆራጩ ዓይኑ ሲያለቅስ አይቶት ሳይጠየቅ አንድ ብርጭቆ አክሱማይት አመጣለት። በረደለት።

እንግዲህ ከባለሙያው ይልቅ ኮካ የሚጨምረው ሰውዬ ምላስ ወደ እውነቱ ቀርቦ ኖሯል። ሰዉ ጣፋጭ የሚወደው ስላልሠለጠነ ሳይሆን ዳጣ ስለሚበላ ነው። ይህን ማወቅ ደስ ይላል፤ ቀረጥ የተከፈለበት ደረቅ ቀይ በኮንቴይነር ላከማቸ ሰው ግን ደስታው የተሟላ አይደለም። የዚያን ዕለት ማታ ሦስተኛ መልእክት ወጣ። «እርማት፦ በዝርዝሩ ላይ 13ኛ ወይን ተጨምሯል። ጣፋጭ ነው። የሚቀመሰው ከዳጣ ጋር ነው። ይኼኛውን የሚውጥ ካለ አንከለክልም። በዚሁ አጋጣሚ ላለፉት ዓመታት ያሾፍኩባችሁን ሁሉ ይቅርታ።»

እዚህ ላይ ነው እናቱ የሚመጡት። ሶዶ ይኖራሉ፤ የጸሎት ኅብረታቸውን አንድም ሐሙስ አያስታጉሉም። ልጃቸው አስመጪ መሆኑን ያውቃሉ። ምን እንደሚያስመጣ ሲጠይቁት «የፍራፍሬ ውጤት» እያለ ዓመታት አሳልፏል፤ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ሦስተኛው መልእክት ግን ከቀልድነቱ የተነሣ የጸሎት ኅብረቱ ድረስ ደርሶ አንዷ እህት በስልኳ አነበበችላቸው። ስሙ አልነበረበትም። እናት ግን ልጇን በይቅርታ አጠያየቁ ታውቀዋለች።

ደወሉለት። ይቆጡኛል ብሎ ዝም አለ። አልተቆጡም።

«ያ መትፊያ የምትለውን ማን ነው የሚያጥበው?»

«ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ፣ እማዬ።»

«የሰው ምራቅ ነው። ደህና አድርገህ ክፈላቸው። ሳይመሽም ወደ ቤታቸው አስገባቸው።» ከዚያ ጥቂት ዝም ብለው፣ «እኔ የምጸልየው ያው ነው፤ አልተውም» አሉት።

በነጋታው ወጪው ዝርዝር ላይ ለሁለቱ ልጆች የባጃጅ ብር ተጨመረ፤ መዝጊያው ሰዓትም ከምሽቱ 1 ወደ 11 ሰዓት ተኩል ወረደ። እስካሁን 23 ሰዎች እንመጣለን ብለዋል። አራቱ አበል በእርግጥ የለም ወይ ብለው ደግመው ጠይቀዋል። ምላስ ላይ የደረሰ ተጠጥቷል ያሉት ሽማግሌ አይመጡም፤ ልጃቸውን ግን እስክሪብቶና ደብተር አስይዘው ሊልኩት ነው። ዶሮዋን አልተፋኋትም ያሉት እትዬም ትናንት መልሰው ደውለዋል። ይመጣሉ፤ ግን ከሰው ጋር አንድ ባልዲ ውስጥ አይተፉም፤ የራሳቸውን ይዘው ነው የሚመጡት።