ሴሬስ እና የአጋሮ እሸት ቡና

በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት አስትሮይዶች ትልቁ ሴሬስ ነው። ስፋቱ 940 ኪሎ ሜትር ገደማ በመሆኑ ዛሬ ድንክ ፕላኔት ተብሎም ይመደባል። ጁሴፔ ፒያዚ የተባለ ቄስ በፈረንጆች አቆጣጠር ጥር 1 ቀን 1801 ከፓሌርሞ አየውና በሮማውያን የእህል አምላክ ስም ጠራው።

አጋሮ ላይ በወጣቶች ኅብረታችን ይህን ሳወራ አንድ ወንድም፣ "የጣዖት ስም እዚህ ምን ይሠራል?" አለኝ። የጠየቀኝ ለመከራከር አልነበረም። እነሱ ቤት ቡና በደረሰ ቁጥር ለዛር ይገበር ነበርና ስም መጥራት ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። እኔም ጳውሎስ ከመላጥያ የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብ የመንታ አማልክት ምልክት እንደነበረባት አስታወስኩት። ሉቃስ ሳይደብቅ ጽፎታል፤ ጳውሎስም በእርሷው ተጓዘ። ወንድሜ ዝም አለ። እንዳልረካ ግን ፊቱ ይናገር ነበር፤ እኔም አልገፋሁበትም።

ወደ ሴሬስ የሄደችው የናሳ መንኮራኩር ዶውን የተነሳችው መስከረም 16 ቀን 2000 ነው፤ የሚሌኒየማችን ደመራ በሚበራበት ዕለት። በሐምሌ 2003 ቬስታ የተባለው አስትሮይድ ጋ ደረሰች፤ እርሱን ከአንድ ዓመት በላይ ከዞረች በኋላ የካቲት 27 ቀን 2007 ሴሬስን መዞር ጀመረች። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያበራ የነበረው ነጭ ነገር ሶዲየም ካርቦኔት ሆኖ ተገኘ፤ እኛ ከአብያታ ሐይቅ ስናወጣው የቆየነው የሶዳ አሽ ዘመድ መሆኑ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን ሞተሯ ነው። ዜኖን የተባለ ጋዝ ወደ ኋላ እየረጨች ትሄዳለች፤ ግፊቱ አንድ ወረቀት መዳፍ ላይ ሲቀመጥ ከሚሰማው ክብደት አይበልጥም። ፍጥነቷን በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ለመጨመር አራት ቀን ይፈጅባታል። የአጋሮና የጅማ ሚኒባሶች ይስቁባት ነበር። ግን ሳታቋርጥ ለወራት ትገፋለች።

ይህን ለታናሽ ወንድሜ የነገርኩት በማድረቂያው አልጋ ላይ እሸት ቡና እያገላበጥን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሥራ አላገኘም። ማታ ማታ እናታችን ስትጸልይለት ከክፍሉ አይወጣም።

"ወረቀት ነው ያልከው?" አለኝ።

"አዎ።"

"የእኔም ዲግሪ ወረቀት ነው። እስካሁን ግን ከዚህ አልጋ አልገፋኝም።"

ሳቀ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። የምመልስለትን ስፈልግ ዝናቡ መጣና ሸራውን ግራና ቀኝ ይዘን ቡናው ላይ ዘረጋነው።