ከቤት የተባረረ ልጅ ባቱ ላይ ማን ቤት ይደር?

ባቱ ከየአቅጣጫው የመጣ ወጣት የሚኖርባት ከተማ ናት። የአበባ እርሻው ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከአርሲ ልጆችን ስቧል። አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይቶ መኖር የተለመደ ነው። በዚህ ሁሉ ወጣት መሀል ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ አሉ፤ ሲወለዱ በተሰጣቸው ፆታ መኖር ያልቻሉም አሉ። የሉም የሚል ካለ፣ ልጆቹ ስለሚፈሩት አልነገሩትም ማለት ነው።

ሕጉን አውቃለሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል። ልጅህን አውጥተህ ጣል፣ ጎረቤትህን ደብድብ የሚል አንቀጽ ግን የትም አላየሁም። በነሐሴ 2015 የአዲስ አበባ ባለሥልጣናት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎች ላይ እርምጃ ሲወስዱና ሕዝቡ እንዲጠቁም ሲጠይቁ፣ ቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ “ይገረፉ፣ ይገደሉ” ይባል ነበር። ከውጭ ሀገር ሆኖ ለእነዚህ ኢትዮጵያውያን የሚሟገተው ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ ያኔ አደጋውን በይፋ ተናግሯል። ከፎቶዎቹ ጀርባ የነበሩት ልጆች በዚያ ሌሊት የት እንዳደሩ የጠየቀ ግን ብዙ አልነበረም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እኛ ሀገር ሰው የሚኖረው በሰው ነው። ቤት የምትከራየው የሚያውቅህ ሰው ሲኖር ነው፤ እርሻው ላይ የምትቀጠረው የሰፈርህ ልጅ “አለ፣ ና” ሲልህ ነው። ስትታመም ምግብ ይዞ ሆስፒታል የሚመጣው ዘመድ ነው፣ ስትሞት የሚቀብርህ እድር ነው። ሥራ ያጣ ልጅ ቢያንስ ዘመድ አለው፤ ከዘመድ የተጣላም ጓደኛ አያጣም። ተመሳሳይ ፆታ ያፈቅራል የተባለ ልጅ ግን ወሬው በወጣ ማግስት ዘመዱንም፣ አከራዩንም፣ ሥራውንም፣ የጸሎት ቤቱንም አንድ ላይ ያጣል። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ከሆነ ደግሞ የሚቀረው አውራ ጎዳናው ነው፤ እዚያ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

በሌላ ሀገር ይህን ችግር መጀመሪያ የያዙት ራሳቸው ጎዳና ላይ የነበሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ጥቁሯ ማርሻ ፒ. ጆንሰንና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላት ሲልቪያ ሪቬራ፣ ከቤት ለተባረሩ ልጆች ማደሪያ ከፈቱ። ሲልቪያ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ኪራዩን መክፈል ስላልቻሉ ቤቱ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እዚያው ከተማ አሊ ፎርኒ የተባለ ቤት አልባ ጥቁር ወጣት ነበር፤ ጎዳና ላይ ላሉ እኩዮቹ ኮንዶም እያደለ ስለ ኤች አይ ቪ ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በሃያ ሁለት ዓመቱ ሃርለም ውስጥ ተገደለ። በስሙ የተሰየመው የወጣቶች ማደሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ሲጀምር አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ የነበሩት አልጋዎች ስድስት ብቻ ነበሩ።

ባቱ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ታፔላ ሰቅሎ ይከፈት አልልም። ታፔላው ራሱ ልጆቹን ለመንጋ ያጋልጣል፤ የሚያስጠጓቸውንም ጭምር። ሃይማኖታችሁን ቀይሩም አልልም። የምለምነው ያለ ምንም ታፔላ ሊደረግ የሚችለውን ነው። አከራይ የሆናችሁ እናቶች፣ ወሬ ስለሰማችሁ ብቻ ልጁን በሌሊት አታስወጡት። ነርሶች፣ ለምርመራ የመጣ ወጣት የነገራችሁን ለባልደረባም ቢሆን አታውሩ፤ አንዴ ሚስጥሩ ከወጣ ልጁ መድኃኒቱን ሊወስድ አይመለስም፣ ጓደኞቹም አይመጡም። የወጣት ማዕከል የምታስተባብሩ፣ ሙያ ልማር ብሎ የመጣውን በአረማመዱና በድምፁ አትመልሱት። ስልክ ይዛችሁ ሰው ሲደበደብ የምትቀርጹ ወንድሞች፣ እባካችሁ ቪዲዮውን አትልቀቁት። ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ አምኖ ከነገራችሁ፣ ሌላው ሁሉ ይቆይና በዚያች ሌሊት እዚያው ቤቱ ይደር።