«እኔን ማን ነው የሚያየኝ?»

ብቻዋን የምትኖረው አያቴ ቤት የበሩ፣ የመድኃኒት ሳጥኑና የመኝታ ቤቱ ሴንሰሮች እያንዳንዳቸው ወደየኩባንያቸው ሰርቨር መረጃ ይልኩ ነበር። አሁን ሁሉም የሚያወሩት እዚያው ቤት ካለች አንዲት ራስበሪ ፓይ ጋር ብቻ ነው። ሆም አሲስታንት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር መልእክታቸውን በኤምኪውቲቲ ይቀበላል፤ ይህ ፕሮቶኮል በ1999 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ቧንቧ ለመከታተል የተፈጠረ ነው። ራውተሩ ደግሞ ሴንሰሮቹ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዳይወጡ ይከለክላል።

ስገጣጥም አያቴ፣ «ታዲያ ልጄ፣ እኔን ማን ነው የሚያየኝ?» አለችኝ። ነርሲንግ ስንማር ታካሚን ከመንካታችን በፊት ፈቃድ እንጠይቃለን። እሷንም አንድ በአንድ ጠየቅኳት። የመድኃኒት ሳጥኑ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ካልተከፈተ ለእናቴ መልእክት እንዲደርሳት ፈቀደች። የመኝታ ቤቱን ግን «አንሺልኝ» አለች፤ አነሳሁት። ከቤት የሚወጣው ያ አንድ መልእክት ብቻ ነው። እናንተም ለቤተሰብ ልትገጥሙ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ እነሱን ጠይቁ።